ስሕተቱ የታወቀ መሣሪያ፦ በጉርድ ሾላ የአንድ ሌንስ ሸተር ምርመራ

በታሪክ፣ በሥነ ሰብእና በኪነ ሕንፃ ጥናት ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። አጥኚው በምስሉ ላይ የሚታየውን ልብስ፣ የቤቱን ጣሪያ፣ የሰዎቹን አቀማመጥ ይመረምራል፤ ምስሉ የተነሣበትን ዘመንና ያነሣውን ሰው ይጠይቃል። ምስሉን ያስገኘው መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ውጭ ሆኖ ይቀራል። በአንድ የቆየ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ የሕፃን እጅ ደብዝዞ ቢታይ፣ ሕፃኑ ተንቀሳቅሷል ተብሎ ይታለፋል። ብርሃንን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው መዝጊያ ሩብ ሰከንድ ብቻ መከፈት ሲገባው ሙሉ ሰከንድ ተከፍቶ ቆይቶ ከሆነ ግን፣ የደበዘዘው እጅ ስለ ሕፃኑ ከሚናገረው ይልቅ ስለ መሣሪያው የሚናገረው ይበዛል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ መዝጊያ፣ ማለትም በትልልቅ ካሜራዎች ሌንስ ውስጥ የሚገኘው ሜካኒካል ሸተር ነው። ሸተር ሲታመም ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያሳይ፣ ምልክቱ እንዴት እንደሚለካ፣ መቼ ሊከፈትና መቼ ሳይነካ ሊተው እንደሚገባ፣ በጉርድ ሾላ በአንድ ዕድር ግቢ ከተደረገ ሥራ ጋር ተያይዞ ይቀርባል።

ከክዳን ወደ ሰዓት

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የጦሩ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራ በአብዛኛው ራሱን የቻለ መዝጊያ አልነበረውም። ፎቶግራፍ አንሺው የሌንሱን ክዳን ያነሣል፤ በልቡ ይቆጥራል፤ ክዳኑን ይመልሳል። የመስታወቱ ቅብ ለብርሃን ዘገምተኛ በመሆኑ ለሥራው የሰው እጅ ይበቃ ነበር። ትውልደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ባነሣበት፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን በተረከቡበት ዘመን ግን ነገሩ እየተለወጠ ነበር። መስታወቱም፣ በኋላም ፊልሙ፣ ለብርሃን እየፈጠነ ሄደ። እጅ ደግሞ የሰከንድን 1/50ኛ ቆጥሮ መክፈትና መክደን አይችልም።

መፍትሔው ከጀርመን ሀገር፣ ከሙኒክ ከተማ መጣ። የፍሪድሪሽ ዴክል ፋብሪካ አስቀድሞ ኮምፓውንድ የተባለ ሸተር ይሠራ ነበር፤ ይህ ሸተር ዘገምተኛ ጊዜዎችን የሚለካው በአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ አየር በሚገፋ ፒስተን ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮምፑር የአየሩን ሥራ ለጥርሳም መንኰራኩሮች ሰጠ። ስሙም ከኮምፓውንድና ሰዓት የሚል ትርጉም ካለው «ኡር» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የተገጣጠመ ነው። ከዚያ በኋላ በየትልልቅ ካሜራው ሌንስ ላይ የተለመደው የጃፓኑ ኮፓልም በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ይሠራል። የኮፓል 0 ቁጥር ሸተር ከ1 ሰከንድ እስከ 1/500 ይደርሳል፤ ቀዳዳው የሚሰፋው 3 ቁጥር ግን ቅጠሎቹ ረጅም መንገድ ስለሚሄዱ ከ1/125 አያልፍም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣት የመወጠሪያውን ዘንግ ሲገፋ ሞላው ይወጠራል። የመተኮሻው ሽቦ ሲጫን ሞላው ይለቀቅና ስስ የብረት ቅጠሎቹን ከመሐል ወደ ዳር ይከፍታቸዋል፤ ወዲያውም መልሶ ይዘጋቸዋል። በፈጣኖቹ ጊዜዎች ሥራው በሞላው ጉልበት ያልቃል። በዘገምተኞቹ ጊዜዎች ግን ቅጠሎቹ ከተከፈቱ በኋላ የጥርሳም መንኰራኩሮች ረድፍ በመሐል ገብቶ መዘጋታቸውን ያዘገያል። አንድ ሰከንድ ላይ ሲተኮስ ከሌንሱ የሚሰማው የጉንዳን ጥርስ የመሰለ ስስ ድምፅ የዚያ ረድፍ ድምፅ ነው። በአጭሩ፣ ከሌንሱ የፊትና የኋላ መስታወቶች መካከል አንዲት ትንሽ የሜካኒካል ሰዓት ተቀምጣለች። ሸተር ሲታመም በአመዛኙ የሚታመመው ካሜራው ሳይሆን ይህች ሰዓት ናት።

በዕድሩ ግቢ

ጉርድ ሾላ ስሙ እንደሚናገረው የተቆረጠ ዛፍ መታሰቢያ ነው። ሾላው የለም፤ ስሙ ግን የቀላል ባቡሩ ፌርማታዎች ሳይቀሩ ይዘውት ቀርተዋል። በዚሁ ሰፈር የአንድ ዕድር አባላት፣ ዕድሩን ከመሠረቱት መካከል በሕይወት ያሉት አምስት አረጋውያን አንድ ላይ ሆነው ፎቶግራፍ እንዲነሡ ወሰኑ። የስልክ ፎቶግራፍ በየበዓሉ ይነሣል፤ በየስልኩም ይጠፋል። የተፈለገው በኔጋቲቭ የሚቀመጥ፣ በትልቁ ታትሞ በዕድሩ ዕቃ ቤት የሚሰቀል ምስል ነበር። ሥራው የተሰጠው በሰፈሩ ላደገች አንዲት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ነው። መሣሪያውን ያዋሷት ደግሞ ፎቶ ቤታቸውን ከዘጉ ብዙ ዓመት የሆናቸው አንድ አዛውንት ናቸው፤ ባለ ወናፍ ካሜራ፣ በኮፓል 0 ሸተር ላይ የተቀመጠ 150 ሚሊሜትር ሌንስ፣ እና 10 ሉህ ፊልም።

ችግሩ ያለው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ነው። ፊልሙ 10 ሉህ ብቻ ነው፤ ወደ ገበያ ወጥቶ የሚተካ አይደለም። እሑድ ጠዋት ተወስኗል፤ ከአምስቱ አረጋውያን ሁለቱ በሰው ድጋፍ የሚመጡ በመሆናቸው ደግሞ ቀኑን በቀላሉ ማዛወር አይቻልም። የወጣቷ ዕቅድ እንዲህ ነበር፤ አምስቱ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ከኋላቸው ርቆ የዕድሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይታያል። ሰውም ሰሌዳውም ጥርት ብለው እንዲወጡ ዳያፍራሙ ወደ ኤፍ 22 መጥበብ አለበት። በግቢው ጥላ ውስጥ፣ በ100 ፍጥነት ፊልም፣ ይህ ቀዳዳ የሚጠይቀው ጊዜ የሰከንድ 1/8ኛ ነው። 1/8 የሰዓቷ ግዛት ነው።

ረቡዕ ማታ ሸተሩ በ1/8 ሲተኮስ ደህና ይመስል ነበር። አዛውንቱ ግን በዚህ አልረኩም።

«ጋሼ፣ ሃያ ጊዜ ተኩሼዋለሁ፤ ይሠራል» አለቻቸው።

«ሃያኛው ሲሠራ አይተሻል፤ ልጄ፣ የመጀመሪያውን አይተሽዋል ወይ? እሑድ ፊልሙን የሚያገኘው የመጀመሪያው ነው» አሏት።

ሐሙስ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ክፍል ያደረውን ሌንስ ሳያሞቁ ሞከሩት። የየካ ማለዳ ብርድ በመስከረምም በኅዳርም የሚታወቅ ነው፤ ብርድ ደግሞ የደረቀን ዘይት ያጠነክራል። የመጀመሪያው ተኩስ ሲደረግ ስሱ ድምፅ መሐል ላይ ተያዘ፤ ቅጠሎቹም ሲዘጉ እያንቀላፋ እንዳለ ሰው ዘገዩ።

መለካት ከመክፈት ይቀድማል

ታማሚ ሸተር የሚሰጠው ትልቁ ማስረጃ ሳይነካ በፊት የሚያሳየው ጠባይ ነው። ከተፈታ በኋላ ያ ጠባይ አይገኝም። ስለዚህ ካቻቪቴ ከመነሣቱ በፊት ቀላል የሆኑት ምክንያቶች አንድ በአንድ ይወገዳሉ። የመተኮሻው ሽቦ ጫፍ አጭር ቢሆን ሸተሩን በሚገባ አይገፋም፤ በጣም ገብቶ ቢቀር ደግሞ ይዘዋል። ሌንሱን ለማነጣጠር የሚከፍተው ትንሽ ዘንግ በክፍትነት ተረስቶ እንደሆነ ይታያል። ሌንሱን ከሰሌዳው ጋር የሚያስረው ቀለበት ከልክ በላይ ጠብቆ የሸተሩን አካል እንዳላጣመመው ይፈተሻል። የሁሉም ምርመራ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ብዙ «የተበላሸ» ሸተርም በዚሁ ይድናል።

ከዚያ በኋላ መለካት ይመጣል። ለዘገምተኞቹ ጊዜዎች የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ሸተሩ ሲከፈት አንድ፣ ሲዘጋ ሌላ ስለታም ድምፅ ይሰማል፤ በድምፁ ሞገድ ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት የተከፈተበት ጊዜ ነው። ለመካከለኞቹ ጊዜዎች በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ያገለግላል። የካሜራው ጀርባ ተከፍቶ፣ ሌንሱ ወደ ብርሃን ዞሮ ሲቀረጽ፣ ብርሃን የታየባቸው ምስሎች ይቆጠራሉ። አንዱ ምስል ከ4 ሚሊሰከንድ ጥቂት ስለሚበልጥ፣ 1/60 አራት ምስል ያህል መስጠት አለበት። ከ1/125 በላይ ግን ቆጠራው ሁለት ወይም አንድ ምስል ብቻ ስለሚሆን ዘዴው አይታመንም፤ ለዚያ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ዳዮድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እያንዳንዱን ጊዜ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መለካት ነው። አንድ ልኬት ሸተሩ ስንት እንደቆየ ይናገራል፤ አምስት ልኬት ግን የሕመሙን ዓይነት ይናገራል። በዚያ ማለዳ 1/8 ላይ የመጀመሪያው ተኩስ ወደ 0.6 ሰከንድ ተጠጋ፤ ይህም ከተገቢው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አምስተኛው ወደ ሩብ ሰከንድ ወረደ። 1/60 ላይ ግን አምስቱም ተኩስ አራት አራት ምስል ሰጡ።

ውጤቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። እየተተኮሰ ሲሄድ የሚሻሻል፣ ሲያርፍ የሚመለስ ስሕተት የደረቀ ዘይት ስሕተት ነው፤ መንኰራኩሮቹ ሲንቀሳቀሱ ዘይቱ ይላላል፣ ሲያርፉ እንደገና ይይዛቸዋል። ወጣቷ ሃያ ጊዜ ተኩሳ ያገኘችው ደኅንነት የዚህ መላላት ውጤት ነበር። የደከመ ሞላ ግን እንዲህ አያደርግም። ሞላው ሲደክም ፈጣኖቹ ጊዜዎች ይዘገያሉ፤ ሁልጊዜም በአንድ መጠን ይዘገያሉ። የመጀመሪያው ስሕተት ተለዋዋጭ ነው፤ ሊታረም እንጂ ሊሰላ አይችልም። ሁለተኛው ስሕተት የጸና ነው፤ ሊሰላም ይችላል። ሁልጊዜ 1/300 የሚሰጥ «1/500»፣ 1/300 ተብሎ ቢጻፍበት ፍጹም ታማኝ መሣሪያ ነው።

ተመራማሪ ይህን ልዩነት በሌላ ስም ያውቀዋል። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ የሚጨምር ሚዛን ሁለት ተቀንሶለት ይሠራበታል። አንዳንዴ የሚጨምር፣ አንዳንዴ የሚቀንስ ሚዛን ግን አማካዩ ትክክል ቢሆን እንኳ ለአንድ ነጠላ ልኬት አይረባም። ፎቶግራፍ ደግሞ ሁልጊዜ ነጠላ ልኬት ነው፤ የአምስቱ አረጋውያን እሑድ አማካይ የለውም።

አርብ ማታ የተነሣው ጥያቄ

ሕመሙ ታወቀ። ወጣቷ ሌንሱን ወዲያውኑ ለማሳጠብ ፈለገች፤ አዛውንቱም በሰፈሩ ወዳለ አንድ ሰዓት ሠሪ ወሰዷት። ሰውየው ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው፤ እጁ ግን በሞላ ሰዓቶች ላይ የተፈታ ነው። ሸተሩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠና፣ «ይታጠባል፤ ግን ዛሬ አርብ ነው። አርብ ማታ የተከፈተ ሰዓት እሑድ ጠዋት አይታመንም» አላቸው። ታጥቦ የተገጠመ ሰዓት ጥቂት ቀን ተቀምጦ፣ በብርድና በሙቀት ተሞክሮ ነው የሚመሰከርለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከጥፍር ያነሰች ብሎን በችኮላ ብትወድቅ የሚጠፋው ብሎኗ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ጭምር ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው «ሸተሩ እንዴት ይጠገን?» ከሚለው «ሕመሙ ታውቆ እንዴት ይሠራበት?» ወደሚለው ተለወጠ። ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው የጥንቱ የክዳን መንገድ ነው፤ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 45 ከጠበበ ተፈላጊው ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይደርሳል፣ ያም በእጅ ሊሞከር ይችላል። ግን ለግማሽ ሰከንድ እጅ ራሱ ተለዋዋጭ ነው፤ የአረጋውያን ትከሻም በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይተነፍሳል። ሁለተኛው መንገድ ሰዓቷ ሥራ ከምትበዛበት ግዛት ወጥቶ፣ አምስት ጊዜ ተለክቶ ወደጸናው 1/60 መሄድ ነው። ከ1/8 ወደ 1/60 ሦስት እርምጃ ነው፤ ብርሃኑ እንዳይጎድል ዳያፍራሙም ሦስት እርምጃ፣ ከኤፍ 22 ወደ ኤፍ 8 ይከፈታል።

ይህ መፍትሔ ዋጋ አለው። በኤፍ 8 የጥራቱ ጥልቀት ይሳሳል፤ በ5 ሜትር ርቀት ለተቀመጠ ሰው ፍጹም ጥርት የሚለው ስፍራ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከኋላ ርቆ የተተከለው የዕድሩ ሰሌዳ ይደበዝዛል፤ ስሙ የማይነበብ የዕድር ፎቶግራፍ ደግሞ ግማሽ ማስረጃ ነው። ወጣቷ ያገኘችው መልስ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በግቢው ላይ ነበር፤ ወንበሩ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። አምስቱ በአንድ ረድፍ፣ ጀርባቸው ሰሌዳውን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ተቀመጡ። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አራት ሉህ ተነሣ። ስድስቱ ለሌላ ቀን ቀሩ። በደብዛዛው መስታወት ላይ በማጉያ የታየው የሰሌዳው ጽሑፍ በኔጋቲቩም ላይ ተነበበ። ያ መጠጋት ምስሉንም አሻሻለው፤ ከርቀት የሚታይ ጌጥ ሊሆን የነበረው የዕድሩ ስም አረጋውያኑ የተደገፉበት ግድግዳ ሆነ።

እጥበቱ

ሌንሱ ወደ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የፊትና የኋላ መስታወቶቹ አስቀድመው ወጥተው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቀለሉ፤ ማጠቢያው ፈሳሽ ወደ መስታወት እንዲደርስ አይፈቀድም። የላይኛው ቀለበትና የጊዜ መምረጫው ሳሕን ሲነሣ እያንዳንዱ እርምጃ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ብሎኖቹም በወጡበት ቅደም ተከተል በእንቁላል መያዣ ካርቶን ጉድጓዶች ተደረደሩ። የመንኰራኩሮቹ ረድፍ እንዳለ ወጥቶ ለሲጋራ ማቀጣጠያ በሚሸጠው ንጹሕ ቤንዚን ታጠበ። ፈሳሹ ወደ ቡናማ ተለወጠ፤ ያ ቡናማ ነገር በአንድ ወቅት ዘይት ነበር።

በዚህ ሥራ ሦስት ፈተናዎች አሉ፤ ሦስቱም በብዙ ሌንሶች ላይ ጉዳት አድርሰዋል። የመጀመሪያው ሸተሩን ሳይፈቱ እንዳለ በቤንዚን መንከር ነው። ይህ ለአንድ ቀን ያሻሽለዋል፤ ነገር ግን የሟሟው ዘይት ወደ ቅጠሎቹ ይሄድና ደርቆ ያጣብቃቸዋል። ሁለተኛው የስፌት መኪና ዘይት ማንጠባጠብ ነው። ቅጠሎች ደረቅ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ዘይት የሚገባው የመንኰራኩሮቹ ዘንግ ጫፎች ብቻ ናቸው፣ ያም በመርፌ ጫፍ የሚነካ የሰዓት ዘይት ነው። በአሮጌው ኮምፓውንድ ላይማ የአየሩ ሲሊንደር ጨርሶ ዘይት አይሻም። ሦስተኛው ሞላ ማጠፍ ነው። ሞላ ሲታጠፍ ፈጣኑ ጊዜ ሊስተካከል ይችላል፤ ግን የሌሎቹ ጊዜዎች ሚዛን አብሮ ይናጋል። ሰዓት ሠሪው ሞላውን በወረንጦ ጫፍ እንኳ አልነካውም።

ከሳምንት በኋላ፣ ሌሊቱን በብርድ ካደረ በኋላ በተደረገው ልኬት፣ 1/8 በአምስቱም ተኩስ ከተጻፈው በጥቂቱ የሚዘገይ፣ እርስ በርሱ ግን የሚስማማ ጊዜ ሰጠ። በፎቶግራፍ ሙያ የአንድ ሦስተኛ እርምጃ ልዩነት፣ ማለትም ከ25 በመቶ የማይበልጥ መዘግየት፣ ለኔጋቲቭ ፊልም ቸል የሚባል ነው። ከዚህ በላይ ማረም አላስፈለገም።

ካርዱ

ልምድ ያላቸው ፎቶግራፍ አንሺዎች በሌንሱ ሰሌዳ ጀርባ ትንሽ ካርድ ይለጥፋሉ። በአንድ በኩል በሸተሩ ላይ የተጻፈው ጊዜ፣ በሌላ በኩል የተለካው ጊዜ፣ ከታች የተለካበት ቀንና የአየሩ ሁኔታ ይሰፍራል። ካርዱ ሸተሩን አያድነውም። የሚያደርገው የመሣሪያውን ስሕተት ከምሥጢርነት ወደ መረጃነት ማሻገር ነው።

በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በየቤተ መዘክሩና በየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ያሉት የቆዩ ፎቶግራፎች እንዲህ ያለ ካርድ ይዘው የደረሱን አይደሉም። ያነሷቸውን መሣሪያዎች ወደ ኋላ ተመልሶ መለካት አይቻልም። ስለዚህ እነርሱን የሚያነብ አጥኚ በደበዘዘ እጅ፣ ከልክ በላይ በነጣ ሰማይ ወይም በጠቆረ ፊት ላይ ትርጉም ከመስጠቱ በፊት፣ ብርሃኑ ስንት ጊዜ ሊገባ ይችል እንደነበርና ያንን ጊዜ የሚለካው ሰዓት በምን ጤንነት ላይ ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ ይገባዋል። በአንድ ፎቶ ቤት በአንድ ወቅት በተነሡ ብዙ ምስሎች ላይ ተመሳሳይ መንጣት ቢታይ ምክንያቱ የደከመ ሞላ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ነጥቶ ሌላው ጠቁሮ ቢገኝ የደረቀ ዘይትም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው።

ዛሬ የሚነሡት ምስሎች ግን ካርዳቸውን ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ። የጉርድ ሾላው ዕድር ኔጋቲቮች በተቀመጡበት ፖስታ ላይ ከአምስቱ አረጋውያን ስምና ከቀኑ ቀጥሎ እንዲህ ተጽፏል፦ «150 ሚሊሜትር፤ ኤፍ 8፤ 1/60፣ አምስት ጊዜ የተለካ፤ ዘገምተኞቹ ጊዜዎች በዚያን ቀን ታማሚ ስለነበሩ አልተሠራባቸውም»። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን ፖስታ የሚከፍት ሰው፣ አረጋውያኑ ለምን ሰሌዳውን ተጠግተው እንደተቀመጡ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ሊደርስበት ይችላል።